ዳዊትን የጠበቀ ማጥ

ማጥ በመጻሕፍት ዘንድ መልካም ስም የለውም። ነቢዩ ዳዊት የመከራውን ብዛት ሲናገር በጭቃ እንደ ሰጠመ ሰው ሆኖ ይጮኻል፤ ነቢዩ ኤርምያስም የተጣለበት ጕድጓድ ውሃ የሌለበት፥ ጭቃ ብቻ የሞላበት ነበረ። የሀገራችን ባላገርም ጨፌውን ለከብቱ ሣር ብሎ ቢወደው፥ ከጨፌው አልፎ የሚገኘውን ማጥ ግን በሬ የሚውጥ፥ መንገድ የሚያጣምም ነው ብሎ ይሸሸዋል። እኔም በቅኔ ቤት ሳለሁ፥ ከዚያም ወዲህ ወንበር ዘርግቼ ሳስተምር፥ ማጥ የሚለው ቃል ከኃጢአት ወይም ከሞት በቀር ለሌላ ነገር ሰም ሆኖ ሲቈጠር አልሰማሁም።

ስለዚህ በአይርላንድ ሀገር የሚገኝ አንድ ማጥ ዳዊትን ራሱን፥ መጽሐፉን ማለቴ ነው፥ 1200 ዓመት ያህል በሆዱ ይዞ ከኖረ በኋላ እንደ መለሰው በሰማሁ ጊዜ፥ ነገሩን እስከ ሥሩ ሳልጠይቅ ማለፍ አልሆነልኝም። የጠየቅሁትንና በኋላም በዓይኔ ያየሁትን እነሆ ለአንባቢ አቀርባለሁ። መጽሐፉ የተገኘው ማጡ ተቈፍሮ ሲጠፋ ነውና፥ ነገሩ ደስታና ኀዘን የተቀላቀሉበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በ1998 ዓመተ ምሕረት ሐምሌ 13 ቀን፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2006 ዓመት፥ ቲፐሬሪ በሚባለው አውራጃ ፋደን ሞር ከተባለው ረግረግ ላይ አንድ የመቈፈሪያ መኪና ነጂ ለአትክልት መትከያ የሚሸጥ አፈር ያወጣ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከመኪናው አካፋ አጠገብ ቆዳ የመሰለ ነገር አየ፤ ወርዶ ቢመለከተው ጽሕፈት ያለበት ብራና ነው። በዚያን ጊዜ እርሱና የመሬቱ ባለቤቶች ያደረጉትን ነገር ዕቃ ቤት ጠባቂ ሁሉ ቢሰማው መልካም ነው። አላጠቡትም፥ ቅጠሉን አልገለጡትም፥ ይድረቅ ብለውም ፀሐይ ላይ አላሰጡትም፤ ያንኑ እርጥብ አፈር መልሰው አለበሱትና የቤተ መዘክር ሰዎችን ጠሩ። ፀሐይ ላይ ቢውል ኖሮ ተኰማትሮ በጠፋ ነበር።

መጽሐፉ በላቲን ቋንቋ የተጻፈ መዝሙረ ዳዊት ነው። የተጻፈበትም ዘመን 800 ዓመተ እግዚእ አካባቢ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። 60 ቅጠል ያህል በ5 ጥራዝ ተሰፍቶ፥ ማኅደር በመሰለ ባለ ክዳን ቆዳ ተሸፍኖ ነበር። በተገኘ ጊዜ ገልጦ ያሳየው ገጽ 83ኛው መዝሙር ሲሆን፥ ከሁሉ አስቀድሞ የተነበበውም ስለ ልቅሶ ቆላ የሚናገረው ስፍራ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልዘግይ። ወሬው በጋዜጣ በወጣ ጊዜ ብዙ ሰዎች በቤታቸው ያለውን መጽሐፍ ገልጠው 83ኛውን መዝሙር ፈለጉ። የእነርሱ መጽሐፍ ግን የዕብራይስጡን ቍጥር የተከተለ ነበርና ያገኙት አሕዛብ በእስራኤል ላይ እንደ ተማከሩ የሚናገረውን ነው። በዚያው ወር በሊባኖስ ጦርነት ተነሥቶ ስለ ነበረ ትንቢት ወጣ፥ ምልክት ታየ ተባለ። ቤተ መዘክሩም የላቲኑ ቍጥር ከዕብራይስጡ በአንድ እንደሚያንስ፥ የተገኘውም ሌላው መዝሙር እንደ ሆነ ለማስረዳት ተገደደ። የእኛ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን ቍጥር ስለሚከተል ከላቲኑ ጋር ይስማማል፤ ከፊደል ቤት ትናንት የወጣ ዳዊት ደጋሚ ሕፃን ቢጠየቅ ኖሮ ያ ሁሉ ወሬ ባላስፈለገ ነበር። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ጥቂት ብቻ ለመመካት ነው።

አሁን አፈሩ ምን ዓይነት አፈር እንደ ሆነ ልናገር። እንግሊዞች ፒት ይሉታል፤ የአይርላንድ ሰዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ተርፍ፥ በገዛ ቋንቋቸው ሞይን ይሉታል። እኔ የሚነድ አፈር ብዬዋለሁ። ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ምድሪቱን የሸፈነው በረዶ ሲቀልጥ በየጐድጓዳው ሐይቅ ቀረ። ሐይቁን ሸምበቆና ሣር ሞላው፤ በዚያም ላይ ስፋግነም የተባለ፥ የእኛን ሀገር የድንጋይ ሽበት የመሰለ ለስላሳ ተክል በቀለበት። ይህ ተክል ከክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ ይይዛል፤ ውሃውንም ያኰመጥጠዋል። ከላይ እያደገ ከታች ይሞታል፤ ነገር ግን የሞተው ክፍል አየር በማይገባው ኰምጣጣ ውሃ ውስጥ ስለሚቀመጥ አይበሰብስም። እንዲህ ሲከማች በዓመት 1 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል፤ ሺህ ዓመት ሲሞላው 1 ሜትር ነው። ጥልቅ የሆነው ረግረግ 10 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እንግዲህ በዚህ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ በታች አባቱ፥ አያቱና ቅድመ አያቱ የኖሩበት ዘመን ሁሉ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርቦ አለ ማለት ነው።

በዚህም ምክንያት የወደቀበትን ነገር ይጠብቃል። ከ2000 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ጠጕራቸውና ቆዳቸው ሳይጠፋ ተገኝተዋል፤ ሁለቱ በ2003 የወጡ ናቸው። በእንጨት ዕቃ የተቀበረ ቅቤ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ሎንግፈርድ በሚባለው አውራጃም በ1984 ከረግረጉ ሥር አንድ ሰፊ መንገድ ተገኘ። መንገዱ በባሉጥ ሳንቃ የተነጠፈ ነው፤ የእንጨቱ ዕድሜ በቀለበቶቹ ተቈጥሮ የተሠራው ከጌታ ልደት 148 ዓመት ያህል አስቀድሞ መሆኑ ታውቋል። ይህ መንገድ የተገኘው በሌላ ምክንያት አይደለም፤ የሚነደውን አፈር ለመውሰድ ሲቈፍሩ ነው። ዳዊቱም፥ ቅቤውም፥ ሬሳውም እንዲሁ ነው። ካልተቈፈረ አይታይም፤ ከተቈፈረ ጠባቂው ይጠፋል።

ከጥቂት ዓመት በፊት በዚያ ሀገር የሚኖር ደቀ መዝሙሬ «የኔታ፥ ዳዊቱን ሳያዩ እንዴት ይቀራሉ?» ብሎ አስጠራኝ። ወደ ደብሊን ሄጄ በመስተዋት ውስጥ ያለውን ብራና አየሁ። ስለ መልኩ እውነቱን ልናገርና፥ መጽሐፍ አይመስልም፤ ክረምት የገባበት ቤት ጣሪያ ሲፈርስ የሚቀረውን ይመስላል። ጆን ጊሊስ የተባለ የመጻሕፍት ጠጋኝ ቅጠሉን ከቅጠል ለመለየትና ለማድረቅ ዓመታት ደክሞበታል፤ ለሕዝብ እንዲታይ የሆነውም በ2011 ነው። ወደ መስተዋቱ ቀርቤ ባየሁ ጊዜ የገረመኝ ሌላ ነው። በብዙ ስፍራ ብራናው ሟሙቶ ጠፍቷል፤ ፊደሉ ግን ቀርቷል። ፊደሉ ያረፈበት ያህል ቆዳ ብቻ ተርፎ፥ ፊደል ፊደሉ ለየብቻው ተበትኖ ይታያል።

የዚህን ምክንያት ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ብራና የተፋቀ እንጂ በልጥ የለፋ ቆዳ አይደለምና በረግረጉ ውስጥ ቀስ በቀስ እንደ ሙጫ ይሟሟል። ሽፋኑ ግን የለፋ ስለ ነበረ ጸንቶ ተገኘ። ቀለሙም በባሉጥ ዛፍ ላይ ከሚያብጠው እብጠትና ከብረት የተቀመመ ነበር፤ በእብጠቱ ያለው ነገር ቆዳ የሚያለፋው ያው ነገር ነው። እንግዲህ ጸሐፊው ሳያውቀው የጻፈበትን ስፍራ ሁሉ አልፍቶታል ማለት ነው። የእኛ አባቶች ጥቍር ቀለም ዋናው ጥላሸት ነው፤ በደረቅ ሀገር እስከ ዛሬ ሳይወይብ ያበራል፤ ነገር ግን በዚያ ማጥ ውስጥ ቢወድቅ ብራናውን ባላዳነው ነበር። በወጣትነቴ ቀለም ስበጠብጥ ይህን አስቤው አላውቅም፤ ማን ያስበዋል?

ሌላም ነገር ተገኝቶበታል። የቆዳው ሽፋን ውስጡ በፓፒሩስ ተለብዶ ነበር። ፓፒሩስ በእኛ ሀገር ደንገል የምንለው፥ የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ተክል ነው፤ በአይርላንድ አይበቅልም። ወረቀቱ ከግብጽ የመጣ ነው፤ የሽፋኑም አሠራር የምሥራቅን ጥራዝ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች የግብጽ መነኮሳት እስከዚያ ድረስ መጥተው ነበር ብለው ደመደሙ። እኔ እንዲህ ፈጥኜ አልደመድምም። የሮም ሊቃነ ጳጳሳት ጽሕፈት ቤት እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ድረስ በፓፒሩስ ይጽፍ ነበርና ወረቀቱ በነጋዴ እጅ ወይም በሮም በኩል መጥቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአይርላንድ የቅዱሳን ልመና ውስጥ 7 የግብጽ መነኮሳት ይታሰባሉ፤ ከድንጋይ በተጠረቡት ታላላቅ መስቀሎቻቸውም ላይ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ በበረሃ እንጀራ ሲቈርሱ ተቀርጸዋል። መነኮሳቱ ባይመጡ እንኳ ገድላቸው መጥቷል። በረሃ የሌላት ሀገር ብትሆን ግን በረሃን ከየት ታምጣ? ባሕታውያኑ በባሕር ደሴትና በማጥ መካከል ባለ ደረቅ ጕብታ ላይ ተቀመጡ፤ ዲሰርት እያሉም ጠሩት፤ ይኸውም በላቲን በረሃ ማለት ነው። ለእነርሱ ማጡ እንደ እንጦንስ አሸዋ ነበረ፤ ከዓለም ይለያቸዋል።

ከባሕታውያኑ በኋላ የማጡ ጥቅም ተለወጠ። ደኑ እየተመነጠረ ባለቀ ጊዜ ድኻው ማገዶ አጣና ወደዚህ አፈር ዞረ። ረግረግ ከምድሪቱ ከ6 እጅ 1 እጅ ያህል የሚሸፍን ስለ ነበረ ለብዙው ሰው ቅርብ ነበር። በጐኑ ሁለተኛ ስለት ባለው ጠባብ አካፋ እየተቈረጠ፥ በጡብ መጠን እየተደረገ በፀደይ ወራት ይሰጣል፤ ጥቂት ሲጠነክርም አራት አምስቱን ጡብ ጫፍ ለጫፍ አስደግፈው ያቆሙታል፥ ነፋስ እንዲገባበት። የእኛ እናቶች ኩበት ሲያደርቁ ያየ ሰው ይህን ሥራ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። መንግሥት ግን ረግረጉን በሌላ ዓይን አየው። ከ1809 እስከ 1814 ድረስ መሐንዲሶች ተልከው ታላላቆቹን ረግረጎች ለክተው ካርታ አነሡ፤ ሐሳቡም ውሃውን አፍስሶ እርሻ ማድረግ ነበር። ብዙ ተለካ፤ ጥቂት ታረሰ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ሀገሪቱ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የራሷ የድንጋይ ከሰል እምብዛም ስላልነበራት በእንግሊዝ ከሰል መኖር አሳሰባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሰሉ ባነሰ ጊዜ የደብሊን ሕዝብ የሞቀው በዚህ አፈር ነው፤ በፊኒክስ መናፈሻ ጐዳና ግራና ቀኝ እንደ ተራራ ተከምሮ ነበር ይባላል። በ1946 ቦርድ ና ሞና የተባለው የመንግሥት ድርጅት ተቋቋመ፤ ትርጓሜውም የሚነድ አፈር ጉባኤ እንደ ማለት ነው። በ1950 በዚህ አፈር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የመጀመሪያው ፋብሪካ ፖርታርሊንግተን ላይ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ለረግረጉ የራሱ ባቡር ተዘረጋለት፥ ለሠራተኞቹም መንደሮች ተሠሩላቸው፤ ቀድሞ ልጆቹን ወደ ባሕር ማዶ ይሰድድ የነበረው የመካከለኛው ምድር ድኻ በገዛ ሀገሩ ደመወዝ አገኘ። ዛሬ ስለ ማጡ ጥፋት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነገር በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እኔ ግን ልጆቹ በቤቱ የቀሩለትን አባት ብጠይቀው ሌላ መልስ የሚሰጠኝ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ጠየቅሁም። ደቀ መዝሙሬ ከሥራ ባልደረባው አባት ዘንድ ወሰደኝ፤ 80 ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። ሻይ አቀረቡልን፤ በምድጃቸውም ያ አፈር ይነድ ነበር። ነበልባሉ ዝቅተኛ ነው፥ ሽታው ግን ቤቱን ሞልቶ ልብስ ላይ ይቀራል፤ ክፉ ሽታ አይደለም። በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እንዴት ይቈርጡ እንደ ነበር፥ ጐልማሳ ሲሆኑም በመኪና እንዴት እንደ ሠሩ ነገሩኝ። «አባቴ በእጁ ሲቈርጥ ማጡ ይበልጠው ነበር» አሉ፤ «እኛ በመኪና ስንመጣ ግን እኛ በለጥነው። አንድ ቀን ቀና ብዬ ባይ እስከ ሰማይ ዳር ድረስ ጥቍር ሜዳ ሆኗል፤ አንዲት ወፍ እንኳ የምታርፍበት የለም።» ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ቢሆንም ቤቴን የሠራሁት በዚያ ደመወዝ ነው» ሲሉ ጨመሩ። ደቀ መዝሙሬ ይህን ሲተረጕምልኝ ሽማግሌው ዓይኔን ያዩ ነበር፤ የምፈርድባቸው እንደ ሆነ ለማወቅ ይመስለኛል። እኔም በሀገሬ እናቴ ኩበትና ጭራሮ ለቅማ እንዳሳደገችኝ ነገርኋቸውና ሳቁ።

የመኪናውን ሥራ ያልኩት ነገር እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቦይ ተቈፍሮ ውሃው ይፈስሳል፤ ሽበቱ ይሞታል፤ ከዚያ ገጹን 1 ሳንቲሜትር ያህል እየላጨ ያደርቀዋል፥ ይሰበስበዋል። አንድ ጊዜ ሲላጭ ማጡ በ10 ዓመት ያከማቸው ይሄዳል፤ ይህም በአንድ በጋ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። በተጨማሪም ውሃው የወጣለት አፈር ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ አየር ስለሚገባው ይበሰብሳል፤ ለብዙ ሺህ ዓመት የያዘውንም ካርቦን ወደ አየር ይለቃል። እንዲህ ያለው መሬት ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን የያዘው ካርቦን ግን የዓለም ደን ሁሉ ከያዘው ይበልጣል። የምድር ሙቀት በጨመረበት በዚህ ዘመን ነገሩ የአይርላንድ ብቻ አልሆነም።

ስለዚህ ተቋረጠ። የሻነንብሪጅና የላንስቦሮ ፋብሪካዎች በ2020 ታኅሣሥ ተዘጉ፤ ድርጅቱም በ2021 መጀመሪያ አፈር ማውጣቱን ፈጽሞ እንደ ተወ አስታወቀ፤ የኤደንደሪው ፋብሪካ ደግሞ በ2023 መጨረሻ በዚህ አፈር መንደዱን አቆመ። ውሳኔው የሚያስመሰግን ነው። አፈጻጸሙ ግን አንዳንድ ጊዜ ያስቃል፤ አትክልት አብቃዮቹ ያለዚህ አፈር መሥራት አልቻልንም ስላሉ በ2021 መስከረም 3600 ቶን ያህል በመርከብ ከላትቪያ ተጭኖ መጣ። የላትቪያ ማጥስ ማጥ አይደለምን? በሽማግሌው ዓይነት ቤት ያለው ነገርም ገና አልለየለትም። ከ2022 ጥቅምት ጀምሮ ይህን አፈር በሱቅ መሸጥ ተከልክሏል፤ የመቍረጥ ርስት ያለው ግን ለቤቱ መቍረጡን አልተከለከለም። እኔ ይህን ልዩነት ትክክል ነው እላለሁ፤ በእጅ የሚቈርጠው አባትና በመኪና የሚላጨው ድርጅት በአንድ ሕግ ሊዳኙ አይገባም። ነገር ግን ዛሬ ለቤቱ የሚቈርጠውም አብዛኛው በመኪና እንደሚያስቈርጥ ሽማግሌው ራሳቸው ነግረውኛልና፥ ክርክሩ እኔ እንዳሰብሁት ቀላል አይደለም።

የተላጨውን መሬት ወደ ቀድሞው ለመመለስ መንግሥቱ በ2020 ዓመት 108 ሚሊዮን ዩሮ መድቦ 33 ሺህ ሄክታር ያህል ውሃ እንዲመለስበት ወሰነ። ሥራው ለመናገር ቀላል ነው፤ ቀድሞ ውሃ ለማፍሰስ የተቈፈረውን ቦይ ያንኑ አፈር እየገፉ መድፈን ነው። ውሃው ከተመለሰ ሽበቱ ይመለሳል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ፤ ከተመለሰም በዓመት ያንኑ 1 ሚሊሜትር ነው።

ከሽማግሌው ቤት ስንወጣ ልጃቸው ሥራ ላይ መሆኑን ሰምተን ወደ እርሱ ሄድን። ጥቍሩ ሜዳ መካከል በመቈፈሪያ መኪና ላይ ተቀምጦ አገኘነው። መኪናው አባቱ ይነዱት የነበረውን ዓይነት ነው፤ ቦዩም አባቱ በጐልማስነታቸው የቈፈሩት ነው አለን። በአካፋው አፈር አንሥቶ ወደ ቦዩ ገፋ፥ በአካፋው ጀርባም ደጋግሞ መታው። ከድፍኑ ወዲያ ማዶ ውሃው ቆመ፤ አስቀድሞ ከደፈነው ቦይ ዳር ደግሞ የእጅ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ሽበት ወጥቶ ነበር። ደቀ መዝሙሬ ጐንበስ ብሎ ሊነካው ሲል ሰውዬው ከመኪናው ላይ ሆኖ እንዳይረግጠው በእጁ አመለከተው።